አባቴን ለመስማት የመረጥኩት ትምህርት ቤት

ባለፈው ሳምንት የልጄን የትምህርት ቤት ፎርም ለማተም ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነበር። ማሽኑ የመጀመሪያውን ገጽ ሲተፋው ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር። ያ የሞቀ ቀለምና የተጠበሰ አቧራ የሚመስለው ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው የያዝኩት የልጄ የክትባት ወረቀት መሆኑ ለአፍታ ጠፋብኝ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዱን ገጽ በአሥር ሳንቲም እያባዛሁ፣ ስለ ነፍስ እናስተምራለን የሚሉ ትምህርት ቤቶችን ደንብ ስሰበስብ ታየኝ። ከኋላዬ የቆመችው ሴት ጨርሰህ እንደሆነ ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ዓመቱን መናገር እችላለሁ፤ ግን ዓመተ ምሕረት ብቻውን ብዙ አይነግርም። የከተማውን ባቡር፣ ሜትሮን፣ የሚሳፈሩት በወረቀት ካርድ ነበር፤ ካርዷ ኪስ ውስጥ ትንሽ ከታጠፈች ማሽኑ መልሶ ይተፋታል። አገር ቤት ለመደወል ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለች ሱቅ ጀርባዋ በሳንቲም የሚፋቅ የአምስት ዶላር ካርድ እንገዛለን፤ ሃያ ደቂቃ አለህ ትላለች፣ አሥራ አራተኛው ላይ ትቋረጣለች። እኩዮቼ ከወገባቸው በሁለት ቁጥር የሚሰፋ ጂንስ ነበር የሚለብሱት። እኔ አብዛኛውን ቀን የምለብሰው የምሠራበትን የፓርኪንግ ድርጅት የወይን ጠጅ ቀለም ሹራብ ነበር፤ ክርኑ ላይ ስለሳሳ ውስጤ ሁልጊዜ ረጅም እጅጌ ያለው ነጭ ካናቴራ አደርጋለሁ። ፌንተን ስትሪት ላይ፣ ዛሬ መስታወት የለበሰው ረጅም አፓርታማ በቆመበት ቦታ፣ ጫማ የሚያድስና ካሴት የሚሸጥ አንድ የአገራችን ሰው ነበር። ከበሩ በላይ በሰቀላት ድምፅ ማጉያ አንዷን ካሴት ቀኑን ሙሉ ያጫውታል። ክሯ ስለተለጠጠ ዘፋኟ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወርዶ የወንድ ይሆናል። ዘፈኑን የለመድኩት እንደዚያ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ በደህና ቅጂ ስሰማው የተሳሳተ መሰለኝ።

ያኔ የምሠራው ከዚያ ሱቅ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ባለ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ነበር። ቡዝ በምንላት አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ፤ መኪና በማይመጣበት ሰዓት አነባለሁ። ኮሌጅ አልገባሁም። የማውቀው ሁሉ በዚያች ቡዝ ውስጥ ካነበብኩት የመጣ ስለሆነ ማን እንዳስተማረኝ ስጠየቅ የምጠራው ስም አልነበረኝም። ይህ ጉድለት ያሳፍረኝ ነበርና ማንኛውንም ነገር ከመቀበሌ በፊት ሦስት ጊዜ የማረጋገጥ ልማድ አወጣሁ። ዛሬም አልተወኝም። ባለቤቴ ወተት ስገዛ የጀርባውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቤ እስክጨርስ ጋሪዋን ይዛ ወደ ገንዘብ መክፈያው ትሄዳለች።

አባቴ እንደ እኔ አልነበረም፤ ወሬ አዋቂ ነበር። ታክሲ ሲነዳ ከኤርፖርት እስከ ሮክቪል ተሳፋሪውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እያሳቀ የሚወስድ፣ ማታ ደግሞ ተሳፋሪው እንዴት እንደሳቀ ለእኛ አስመስሎ የሚያሳየን ሰው ነበር። ያኔ የምንኖረው ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው። አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ እንዳለ በጎኑ ወደቀ። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል ነርሲንግ ሆም ወደሚሉት የሕሙማን መጦሪያ አዛወሩት። እኔና እናቴ ቤቱን ብቻችንን መያዝ ስላልቻልን ሲልቨር ስፕሪንግ ካለችው አክስቴ ጋር ተጠጋን፤ እሱ እዚያው አሌክሳንድሪያ ቀረ።

ቀኝ እጁ አይንቀሳቀስም፤ ቃልም ጠፋው። የጠፋው ግን ቃሉ ብቻ ነው፣ የንግግሩ ዜማ እንዳለ ነበር። ንግግር የምታለማምደው ሴት እንዳስረዳችን፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ቃል የሚቀመጥበት ቦታ ተጎድቷል፤ እሱ ግን በትክክል የሚናገር ይመስለዋል። እውነቷን ነበር። አባቴ ወሬ ይጀምራል። ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ አንዱን ሰው መስሎ ይጠይቃል፣ ሌላውን መስሎ ይመልሳል፣ የሚያስቀው ቦታ ላይ ከመድረሱ በፊት እንደ ድሮው ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ራሱ ቀድሞ ይስቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የአማርኛ ቃል የለም። እንግሊዝኛም አይደለም። እኛም አብረነው እንስቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን እየሳቅን ሳለ በድንገት ዝም አለና አፌን አየኝ። ሳይገባኝ እየሳቅሁ እንደሆነ ያወቀው ያን ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬ አላወራም።

በምትኩ አንድ ነገር ብቻ ይናገር ጀመር። በየቅዳሜው ልንሄድ ስንነሳ በግራ እጁ እጅጌዬን ይይዝና፣ እናቴን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ አጭር ነገር ይናገራል። ዜማው ምንጊዜም አንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይነሳል፣ ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ከዚያ መልስ ይጠብቃል። «እሺ አባዬ» ስለው አይደለም በሚል ራሱን ይነቀንቃል። «ገባኝ» ስለው አልጋውን በመዳፉ ይመታል። እናቴ «ምን ፈልጎ ነው የኔ ጌታ? ውሃ ነው? ልብስ ነው?» እያለች ዕቃ ሁሉ ታነሳለታለች። አንዱንም አይፈልግም። እጅጌዬን የሚለቀው ሲደክመው ብቻ ነው።

እኔም መጻፍ ጀመርኩ። የሚያወጣውን ድምፅ ፊደል በፊደል በማስታወሻ ደብተር አሰፍራለሁ፤ ለዚህ ሥራ ፊደላችን ይመቻል፣ የአፉን አከፋፈት ሁሉ ይይዛል። ሰባት ቅዳሜ ጻፍኩ። ስደረድራቸው ሁለት የሚመሳሰሉ አልነበሩም፤ አንዱ ቀን ሃያ ፊደል፣ አንዱ ቀን ሃያ ሁለት፤ ድምፁ ይለዋወጣል፣ ዜማው ግን ያው ነው። የሚናገረው ነገር አንድ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ምን እንደሆነ ግን ላውቅ አልቻልኩም።

በዚያ ሰሞን ነው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ያገኘሁት። ሰው ከሚናገረው ቃል ጀርባ ሌላ የሚሰማ ነገር እንዳለ፣ ያንን መስማት ግን ብቻህን በማንበብ እንደማይገኝና የውስጥ ትምህርት በሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ብቻ እንደሚለመድ ይናገራል። ቡዝ ውስጥ ሆኜ ያንን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት። አንድ መኪና ጡሩንባ እየነፋ ነበር።

ትምህርት ቤቶቹ እንዳሉ አወቅሁ፤ ከአንድ በላይ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ስማቸውን አልጽፍም፤ በደብተሬም ቁጥር ነበር የሰጠኋቸው። አንደኛው በፖስታ የሚያስተምር ነው። ዋና ቤቱ በአገሩ ሌላ ጫፍ ሆኖ በየወሩ አራት ትምህርት በቡናማ ፖስታ ይልካል፤ ተማሪው ማንንም ሳያይ መኝታ ቤቱ ውስጥ መስታወት ፊት ተቀምጦ ይለማመዳል። ሁለተኛው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከኪንግ ስትሪት አንድ ብሎክ ገባ ብሎ፣ ከምንጣፍ ሱቅ በላይ የነበረ ማኅበር ነው፤ ሰውን በደረጃ የሚያሳድግ፣ በምልክትና በሥርዓት የሚያስተምር። ሦስተኛው ሪቨርዴል ፓርክ በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ መምህር ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ ሳሎን ውስጥ እየተገናኙ ራስን ስለ መታዘብ ይማራሉ፤ ሳህን ሲያጥቡ እንኳ ማን ነው የሚያጥበው ብለው ይጠይቃሉ።

መምረጥ ነበረብኝ፤ የምመርጥበትን መመዘኛም ራሴ አወጣሁ። መምህሩ የራሱን መምህር ስም መጥራት ይችላል ወይ? ሃይማኖትህን ተው ይላል ወይ? ልውጣ ያለ ሰው በሰላም ይወጣል ወይ? የተለየ ኃይል እሰጥሃለሁ ብሎ ቃል ይገባል ወይ? ቃል የሚገባ ከሆነ ይሰረዝ ብዬ ጻፍኩ። ዛሬም አንድ ወጣት ቢጠይቀኝ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። የማፍርበት ነገር ቢኖር ሌላ ነው። እኔ ራሴ የምፈልገው ያንኑ ኃይል ነበር፤ እሰጣለሁ ያለኝን ሁሉ ግን ውሸታም ነው ብዬ እሰርዝ ነበር። ይህ ያኔ አልታየኝም።

ከእኔ ጋር ሺፍት የሚቀያየረው ደምስ ይባላል፤ አናንዴል ያለ የአማርኛ ፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ምእመን ነው፤ ትልቅ ሰውነትና ትልቅ ሳቅ አለው። ከሥራ ሲረከበኝ ወረቀቶቼን ያገላብጣል።

«ሦስት ትምህርት ቤት?» አለኝ አንድ ቀን። «አንተ ልጅ፣ ልትድን ነው ወይስ ዲፕሎማ ልትሰበስብ?»

«እያወዳደርኩ ነው።»

«ፐ! እንደ መኪና ኢንሹራንስ!» ቡዟን እስክትነቃነቅ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «እኔ እኮ ነገርኩህ። እሑድ አናንዴል ና፤ ለፋዘር እንጸልይለት። ፎርም የለው፣ ምን የለው፤ ከዚያ ምሳ አለ።»

«እናቴ አትወድም።»

«እናትህ ይሄንን ትወዳለች?» መስታወት ፊት የተቀመጠ ሰው የተሳለበትን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያዘ።

ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ አጠፍኩት።

«ናሆምዬ፣ አትቀየመኝ። ሰውዬው አልጋ ላይ ነው። አንተ ገና ትምህርት ቤት ታወዳድራለህ።»

ተቀየምኩት። ሦስት ቀን ሰላምታ ብቻ ሰጠሁት። ግን ልክ ነበር። የሪቨርዴል ፓርኩን ቡድን አንድ ማክሰኞ ሄጄ አየሁት፤ መምህሩ ለአባቴ ማዘኔ ያልነቃ ሰው እንቅልፍ እንደሆነና ከቤተሰቤ ለጊዜው መራቅ እንዳለብኝ ነገረኝ፤ ሰረዝኩት። የፖስታው ትምህርት ቤት መግለጫ ውስጥ በስድስት ወር የሩቅ ሰው ሐሳብ ማንበብ ይቻላል የሚል አረፍተ ነገር አገኘሁ፤ እሱን ለመሰረዝ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዛፉ ካበበበት ጊዜ ተነስተን ቅጠሉ እስከረገፈበት ደረስን። በመካከሉ ያለውን ቅዳሜ ሁሉ አባቴ እጅጌዬን ይዞ ያንኑ ነገር ሲለኝ ነበር።

አሌክሳንድሪያ ያለው ሁለተኛው ብቻ ቀረኝ። ማመልከቻው አራት ገጽ ነበር፤ ሁሉንም በእርሳስ ሞልቼ፣ አርሜ፣ በቀለም ገለበጥኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለ መንፈሳዊ ሕይወትህ ሊመሰክር የሚችል ሰው ስምና አድራሻ የሚል መስመር አለ። ብዙም አላሰብኩም። ስለ መንፈሳዊ ሕይወቴ የሚያውቅ ሰው ማን ነው? የንስሐ አባቴ ናቸው። የቤታችን ሁሉ የንስሐ አባት የሆኑትን የአባ ወልደ ሰንበትን ስም፣ ፔትዎርዝ ያለውን የቤታቸውን ቁጥር፣ እስከ ዚፕ ኮዱ አጥርቼ ጻፍኩ። በኋላ እንደሰማሁት ሌሎቹ አመልካቾች በዚያ መስመር ላይ የሚጽፉት ጓደኛቸውን ወይም የዮጋ አስተማሪያቸውን ነው። እኔ ግን የተጠየቅሁትን በትክክል መመለሴ ነበር። ማኅበሩ ለምስክሩ ደብዳቤ እንደሚልክ ከታች በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ እሱንም አንብቤው ነበር። አንብቤው ሳበቃ ደብዳቤው አባ እጅ ከደረሰ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አለማሰቤ ነው ዛሬም የሚገርመኝ።

አባ እንግሊዝኛ ብዙም አያነቡም። በአዘቦት ቀን ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይሠራሉ፤ እሑድ ይቀድሳሉ። የሚመጣላቸውን ፖስታ ሁሉ ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ይመጣሉ። የሚያመጡት ለእኔ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ነበረችኝ፤ ትልልቆቹ ሰዎች የሳምንቱን ደብዳቤ በፌስታል ይዘው ተራ ይይዛሉ፤ እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ስሜ እዚያ ናሆም አልነበረም፤ «ፖስታ» ነበር የሚሉኝ። በዚያች ጠረጴዛ ላይ አንድም ደብዳቤ አጣምሜ ተርጉሜ አላውቅም። የሰው ወንድ ልጅ መታሰሩን፣ የሰው ሴት ልጅ መፋታቷን አንብቤያለሁ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

አባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መጀመሪያ የመብራቱን፣ ቀጥሎ የኢንሹራንሱን አነበብኩላቸው። ሦስተኛው ከሱቅ ምልክት ይልቅ ማኅተም የመሰለ ነገር ጥግ ላይ ያለበት ክሬም ፖስታ ነበር። አወቅሁት።

«ይቺስ ከየት ናት?» አሉኝ። «ወረቀቷ መልካም ወረቀት ነው።»

ማስታወቂያ ነው፣ ይጣል ብል በዚያው ያልቅ ነበር። በየሳምንቱ ከአምስቱ ሦስቱን እንደዚያ ነበር የምላቸው። አፌን ከፍቼ ማስታወቂያ ለማለት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ጨዋነት ይሁን ልማድ አላውቅም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፤ አንድ ወጣት ወደ ውስጥ ትምህርት ማኅበራችን ለመግባት አመልክቷል፣ ስለ ጠባዩ የሚያውቁትን ቢጽፉልን የሚለውን፣ የወጣቱንም ስም፣ ስሜን ጨምሬ።

«እስቲ ድገመው» አሉ።

ደገምኩት። ከኋላቸው አንዲት ወይዘሮ ፌስታላቸውን ይዘው እየጠበቁ ነበር፤ አባ ዘወር ብለው «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱን» አሏቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን አጥተህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ቁጣ ነበር የጠበቅሁት፤ ለቁጣ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «አባዬ የሚለው እንዲገባኝ ነው» አልኩ።

ወንበራቸውን አስጠጉ። «እኔም እኮ እሄዳለሁ። በየወሩ እሄዳለሁ። መጋረጃውን እጋርድና አጠገቡ እቀመጣለሁ። ይነግረኛል። ያለቅሳል፣ ይነግረኛል። ሲጨርስ አንገቱን ይደፋል፤ እኔም እግዚአብሔር ይፍታህ እለዋለሁ።» መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ምኑን እንደሆነ አላውቅም።»

ክሬሙን ፖስታ አንስተው አገላበጡት።

«እነዚህ ሰዎች ያስተምሩሃል?»

«ምናልባት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«የመጀመሪያው ደረጃ አንድ ዓመት ነው።»

«አንድ ዓመት!» አሉ፤ ሌላ አላሉም። ከዚያ እስክሪብቶ እንድይዝ አዘዙኝና መልሱን አጻፉኝ። «ይህ ልጅ ውሸታም አይደለም። አባቱን ይወዳል። ከዚህ የቀረውን በንስሐ የነገረኝ ስለሆነ አልናገርም።» እኔው በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ እሳቸው በግዕዝ ፊደል ፈረሙ። ወረቀቱን ሲሰጡኝ፣ «ባርኬ አይደለም የምሰድህ። እንዳልዋሽብህ ብቻ ነው። ለእናትህ ግን አንተው ንገራት» አሉኝ። እሺ አልኩ። አልነገርኳትም።

ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ለእናቴ ሺፍት አለኝ አልኳት፤ ብቻዋን ወደ አባቴ ሄደች። ቀዩን መሥመር ተሳፍሬ መሃል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ቀየርኩ፤ ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር ያዘጋጀሁትን መልስ በቃሌ እደግም ነበር። የምንጣፍ ሱቁ የሱፍ ሽታ እስከ ላይኛው ፎቅ ይከተላል። ክፍሉ ከጠበቅሁት በጣም ተራ ነበር፤ ሰማያዊ ወንበሮች፣ የተዘጋ ወፍራም መጋረጃ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ። ሚስተር ዌንደል የሚባሉ ሽማግሌ፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ሱሪያቸውን በትከሻ ማንጠልጠያ የያዙ፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ ሰጡኝ። ፊታቸው ያለው የአባ ደብዳቤ ነው።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ስለ ራስ ማወቅ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት። እስክጨርስ ጠበቁኝና ደብዳቤውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «እዚህ ለብዙ ዘመን ማመልከቻ ተቀብያለሁ። ቄሱን የጻፈ አላየሁም። ቄስህም ስለ አባትህ ነው የጻፉት። አባትህ ምን ሆነው ነው?»

ነገርኳቸው። ሰባቱን ቅዳሜ፣ የፊደሉን ቁጥር፣ ዜማውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እኛ ይህን አናስተምርም» አሉ። «አስተምራለሁ የሚልህ ካለ ሽሽ። እዚህ የሚለመደው ራስን መስማት ነው፤ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ አብዛኛውን ቀን ምንም አይሰማም።» ከዚያ፣ «አባትህ የት ነው ያሉት?» አሉኝ።

«እዚሁ አሌክሳንድሪያ። በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው።»

«መጠየቂያው ሰዓት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።»

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ በእርግጥ ማወቅ የፈለጉ ነበር የሚመስሉት።

አውቶቡሱ ቆየብኝ። ስደርስ እናቴ እንግዳ መቀበያው ላይ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ሺፍት አለኝ አላልክም?»

«ለቀቁኝ። አባዬስ?»

«ተኝቷል። አትቀስቅሰው፣ ደክሞታል።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ያልለመድኩት ነገር ነበር። «ዛሬ ብዙ አወራ። ያቺን ብቻ አይደለም። ተቀምጦ፣ እጄን ይዞ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይመስለኛል፣ አወራኝ። አለቀሰ። ከዚያ ሳቀ። ሲጨርስ እንደዚህ አደረገ» አለችና መዳፏን በአየር ላይ ገልበጥ አደረገች፤ አለቀ እንደሚል ሰው። «ያቺን ነገሩን ግን አላላትም። ልሄድ ስነሳም አልያዘኝም።»

«ምን አለ? ገባሽ?»

«አልገባኝም ልጄ።»

በማግስቱ እሑድ ሌላ ስትሮክ መታው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ወር ኖረ፤ ድምፅ አላወጣም፤ ዜማውም ሄደ። እኔ ማኅበሩ ውስጥ ገባሁ። ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ መጥፎ ቤት አልነበረም፤ ልውጣ ባልኩ ጊዜም ጨብጠውኝ በሰላም ወጣሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ጀርባን ቀጥ አድርጎ ዝም ብሎ መቀመጥ ነበር። በየቅዳሜው አባቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ እለማመድ ነበር። የክፍሉን ማሞቂያ ሰማሁ። የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ሰማሁ። ሌላ አልሰማሁም። ደምስ ለቅሶ ሲመጣ ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ቃል አላነሳም፤ ውሃ በካርቶን ተሸክሞ መጥቶ ወንበር ሲደረድር ዋለ። አሁን ልጄ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል፣ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎ። ጨዋታ አዋቂ ነበር እለዋለሁ። ከጨዋታው አንዱን ንገረኝ ይለኛል።

ያን ቅዳሜ ግን ገና ምንም አላወቅንም። እናቴና እኔ ከነርሲንግ ሆሙ ወጥተን ፌርማታው ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀመጥን። ነፋስ ነበር። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ።

«እማዬ፣ ድምፁን ድገሚልኝ። የምታስታውሽውን ያህል።»

«ምን ያደርግልሃል? እኔ እንዳንተ ጽፌ አልያዝኩ። እጁን ነበር የያዝኩት።»

«እባክሽ።»

ዙሪያዋን አየች። አጠገባችን የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት በጆሮው ሙዚቃ ሰክቶ ቆሟል። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ፣ ሰው ፊት ድምፅ ከፍ አድርጋ የማትናገረው እናቴ፣ አባቴን መስላ ትናገር ጀመር። ትርጉም የሌለውን ድምፅ ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች፤ ትከሻዋ እንደ እሱ ወደ ግራ አዘነበለ። እኔ እየተከተልኩ እጽፋለሁ። ወጣቱ ከጆሮው ላይ አንዱን ነቅሎ ዞር ብሎ አየን። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፤ ሾፌሩ ጠበቀን። እናቴ በእጇ እንዲሄድ ምልክት ሰጠችው።

«አይደለም» አለች። «አበላሸሁት። ከመጀመሪያው ልበልልህ።»

አዲስ ገጽ ገለጥኩ።